አክተር አይሞትም ስትዪኝ ለነበርሽው

ጽጌዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ዱሮ ደብዳቤ ስንጽፍ «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ብለን ነበር የምንጀምረው። አሁን እንደዚያ ብዬ ብጽፍልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ ዘለልኩት። እኔ አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ቅዳሜ ከተማችን ፌደራል ዌይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አሰብን። ዝናቡ እንደ ቀብርሽ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ዋለ። ሰው ግን መጥቶልሻል፤ ወንበር አልበቃ ብሎ ከልጆቹ ክፍል ትንንሾቹን እያመጣን አስቀመጥን። ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠው ሳይ፣ አንቺ ብትኖሪ ሳቅሽን መያዝ አቅቶሽ ወደ ውጭ ትወጪ ነበር ብዬ አሰብኩ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንበር አይደለም። ሶፋችን ላይ ሆነን የተወራረድነውን ታስታውሻለሽ። ያ ውርርድ መጨረሻው ታውቋል። ማን እንደረታ ከወዲሁ ብነግርሽ ደስ አይልሽም፤ የፊልም መጨረሻ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ሲኒማ ቤት መግባት የለበትም ትዪ ነበር። ስለዚህ በተራው እነግርሻለሁ፤ አንቺም በተራው ስሚኝ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብዬ አልዋሽሽም። ቤዛ ልብሶችሽን ሰብስባ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ስጪ ያልኳት እኔው ነኝ፤ መኪናዋ ሲነሳ የተቆጣሁትም እኔው። ልጃችንን ታውቂያታለሽ፤ እኔ በአማርኛ ስቆጣ እሷ በእንግሊዝኛ ትታገሠኛለች። ነጩ የሥራ ጫማሽ አሁንም በሩ ሥር አለ። ስትመጣ ታየውና ዞራው ታልፋለች። እዚህ ሶዶ የሚሉት ሰፈር ያለው፣ የምሠራበት መጋዘን ደግሞ የጠዋት ሺፍት ሰጠኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ለምነን እምቢ ያሉንን ሺፍት። ሶ፣ አሁን ሀይዌዩ ሳይጨናነቅ እገባለሁ። ተቻኩዬ የምገባለት ሰው ግን የለም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እቀመጥና የተዘጋውን ቴሌቪዥን አያለሁ።

ቴሌቪዥኑን የማልከፍተው ለሐዘን ብዬ መስሏቸው ሰዎች ያመሰግኑኛል። እውነቱ ሌላ ነው። ማጫወቻው ውስጥ የዚያች የምትወጃት የፊልም ተዋናይ የመጨረሻ ፊልም አለ፤ ከላይብረሪ አስመጥተሽ ግማሽ ላይ ያቆምሽው። ከከፈትኩት የት ላይ እንደሚጀምር አውቃለሁ።

ስሟን ዛሬም አልጽፈውም፤ አንቺ ጠርተሽው አታውቂማ። የምትንከባከቢያት አሮጊት፣ ሚስ ሄለን፣ በትዕግሥት ብታስጠናሽ ብታስጠናሽ ምላስሽ እምቢ አለ፤ በመጨረሻ «አክተሯ» ብለሽ ገላገልሽን። እኛ ሰፈር፣ ልጆች ሆነን ፊልም ስናይ፣ አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም። ፊልሙ ውስጥ ስንትም ሰው ቢኖር አክተሩ አንድ ነው፤ ፊልሙ የሱ የሆነው ሰውዬ። የቀረው ለመሞት የመጣ ነው። ጥይት ይዘንባል፣ ድልድይ ይፈርሳል፣ አክተር አይሞትም። ሌላው ሰው ይህን እምነት ከቁምጣው ጋር ትቶት ያድጋል። አንቺ ይዘሽው አሜሪካ ገባሽ።

ሚስ ሄለንን አንድ ቀን እንኳ ሳላገኛት አውቃታለሁ፣ ከአንቺ አፍ ስለማትጠፋ። ልታጥቢያት፣ ልታበያት፣ መድኃኒቷን ልትሰጫት ተቀጥረሽ፣ ከሰዓት በኋላውን እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጥቁርና ነጭ ፊልም ስታዩ ትውሉ ነበር። አሮጊቷ የዚያችን ሴት ፊልሞች ከመጀመሪያው ጀምራ በቅደም ተከተል ነው ያሳየችሽ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ መጀመር ክልክል ነበር። አንቺ ቤት ስትገቢ እኔ ለሥራ ስወጣ በሩ ላይ እንገናኛለን፤ ኮትሽን ሳታወልቂ ትጀምሪያለሽ። እረፍዳለሁ እያልኩ፣ ቁልፌን እያቃጨልኩ እሰማሽ ነበር። እንደሰለቸኝ ሆኜ ነው የምሰማሽ። አለመሰልቸቴን ሳታውቂው አትቀሪም።

በመጀመሪያው ፊልም ባርኔጣ ሻጭ ነበረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ከመደርደሪያው ጀርባ ትጠፋለች። አንቺ ግን ያን ፊልም ስትነግሪኝ ሙሉውን ስለ እሷ አድርገሽው፣ ዋናዋ ሌላ ሴት እንደነበረች ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ አንድ የፊልም ኩባንያ ያዛት። ስሟን ቀየሩት፣ ቅንድቧን ነቅለው በእርሳስ ሳሉላት፣ ከማን ጋር እራት እንደምትበላ ሳይቀር ይነግሯት ነበር አልሽኝ። ዳንስ ያለባቸው ፊልሞች ሲመጡ፣ ቀረብ አድርገው የሚያሳዩት እግር የሷ እንዳልሆነ ሚስ ሄለን ነገረችሽ፤ አኮረፍሽ። ማንን እንዳኮረፍሽ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀጥሎ የልቅሶዎቹ ዘመን መጣ፤ ስሟ የገነነባቸው። ሰላይ ሆነች፣ ዓይኗ የጠፋ አስተማሪ ሆነች፣ ልጇን ለሀብታም ሰጥታ በመስኮት የምታይ እናት ሆነች። ሁሉም ላይ ትሰቃያለች፣ አንዱም ላይ አትሞትም። ይኸው እያልሽ በጣቶችሽ ትቆጥሪልኝ ነበር።

ዕድሜዋ ገፋ ሲል ኩባንያው ተዋት። አምና ፍቅረኛዋ ሆኖ የሠራው ሰውዬ ዘንድሮም ፍቅረኛ ነው፤ እሷን ግን እናቱ አድርገው አመጧት። ይህን የነገርሽኝ ቀን ድምፅሽ ተቀይሮ ነበር። ኩባንያው የታለ ብለሽ፣ ሄደሽ የምትጣዪው መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግርሽ ራስሽ አየሽ። አክተሯ ሁልጊዜ ግራ ጉንጯን ነው ለካሜራ የምትሰጠው። በር ስትከፍት ግራ፣ ስትስቅ ግራ፣ ስታለቅስም ግራ። ሚስ ሄለንን ብትጠይቂያት፣ በልጅነቷ ተቃጥላ ቀኝ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ ይባላል፣ ግን ያየ ሰው የለም አለችሽ። ከዚያ በኋላ ፊልም ማየትሽ ቀርቶ ጠባሳ ፍለጋ ሆነ።

እንግሊዝኛሽንም ያበላሸችው እሷ ናት። ወይም ያሳመረችው። ሰው ሁሉ በዚህ አገር አፉን ሳይከፍት ሲያወራ፣ አንቺ እንደነዚያ እመቤቶች አገጭሽን ቀና አድርገሽ ነበር የምትናገሪው። ግሮሰሪ ውስጥ ካሽየሩን «ዳርሊንግ» ብለሽ፣ ደግነቱን መቼም እንደማትረሺ ነግረሽው፣ ልጁ ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ። ቤዛ ትምህርት ቤቷ ስትመጪ ከአምዱ ኋላ ትደበቅ ነበር። አሁን ስትጨነቅ አገጯን ቀና እንደምታደርግ ግን አይቻለሁ፤ አልነገርኳትም።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ ይከቡሻል። እትዬ ዘውዴ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊት ለፊትሽ ይቀመጣሉ፤ ሌላ ሰው እዚያ ቦታ መቀመጥ አይችልም። አንቺ ትተርኪያለሽ፣ እሳቸው «ከዚያስ?» ይላሉ። ፊልሙ ካለቀ በኋላም «ከዚያስ?» ይላሉ፣ አንቺም ትቀጥያለሽ፤ ልጁን ትድሪዋለሽ፣ ለሴትዮዋ ቤት ትሠሪላታለሽ፣ ክፉውን ሰውዬ ታስታርቂዋለሽ። «አለቀ» ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም። እኔ በሩ ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ሞተር አስነስቼ፣ ክላክስ እነፋለሁ።

ሚስ ሄለን ስታርፍ አንድ ፊልም ቀርቷችሁ ነበር። የመጨረሻው፣ በቀለም የተሠራው። አንቺም ያለ እሷ ማየት ከዳተኝነት መስሎሽ ለዓመታት ሳትነኪው ቆየሽ። ከዚያ ታመምሽ።

የበሽታውን ስም አልጽፈውም፤ ሆስፒታሉ ውስጥ በቂ ጊዜ ተጠርቷል። ዶክተሩ ውጤቱን ሲነግርሽ እኔ ወለሉን አያለሁ፣ አንቺ አገጭሽን ቀና አድርገሽ በዚያ በእመቤቶቹ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር መናገር ስላለበት አዘንሽለት። ሰውዬው ተነስቶ እጅሽን ጨበጠ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን እስከ ፌደራል ዌይ የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ነበር የሚሰማው። ፀጉርሽ ሄደ፣ ፊትሽ አበጠ፣ ፎቶ አታንሱኝ አልሽ። ቤዛ ስልኳን ስታነሳ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ትስቢያለሽ። አንቺም እንደ አክተሯ ጉንጭ መምረጥ ጀመርሽ ብዬ ቀለድኩ። ሳቅሽ፣ ነጠላውን ግን አላወረድሽም።

አንድ ቅዳሜ ቤዛን ላይብረሪ ልከሽ ፊልሙን አስመጣሽ። ለሚስ ሄለን ብዬ አቆይቼው ነበር፣ ከዚህ በላይ ግን ማቆየት አይሆንም አልሽ። ለምን አይሆንም ብዬ አልጠየቅኩሽም።

እግርሽን ጭኔ ላይ አድርገሽ ጀመርን። አክተሯ ባሕር ዳር ትንሽ ሆቴል ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሆናለች። ትስላለች። ሐኪሟ ክረምቱን አትዘልቂውም ይላታል። ተቀይሟት የሄደ ልጇ በመርከብ እየመጣ ነው፤ እሷ እንግዶቹን ሸኝታ የሆቴሉን ክፍሎች አንድ በአንድ ትዘጋለች። አፌ አያርፍም፣ ይቺ ሴት ትሞታለች አልኩ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። አክተር አይሞትም አልሽ። ሐኪሙ ተናገረ እኮ፣ ጽጌ አልኩሽ። ሐኪሙ አክተር አይደለም አልሽኝ። እዚያ ላይ ስለ ፊልም ማውራት ያቆምን ይመስለኛል፤ ግን ሁለታችንም ስለ ፊልም እንደምናወራ ሆነን ቀጠልን። ተወራረድን። እኔ ከረታሁ አንድ ወር ሙሉ ስለ አክተሯ አንዲት ቃል ላትናገሪ፤ አንቺ ከረታሽ እኔ፣ ፊልም ገና ሲጀምር የማንቀላፋው ሰውዬ፣ አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ፊት ቆሜ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልተርክ። እጅ ተመታታን። እጅሽ ቀሎ ነበር።

አክተሯ ፋኖስ ይዛ፣ መደገፊያውን ተደግፋ፣ ደረጃውን መውጣት ስትጀምር ደከመኝ አልሽ። ነገ እንጨርሰዋለን አልሽ። በማግስቱ አምቡላንስ ጠራን፤ እሷን ደረጃው ላይ ትተናት ወጣን። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ቀን ዓይንሽን ገለጥ አድርገሽ፣ ደረጃውን ወጣችው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ገና ናት፣ አንቺን እየጠበቀች ነው አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አላወራንም።

ላይብረሪው ፊልሙን መልሱ እያለ ለቤዛ መልእክት ይልክላት ነበር። ልመልሰው ስትለኝ አይሆንም አልኳት፣ ምክንያቱን ግን ማስረዳት አቃተኝ። አንቺ ትረጅኛለሽ። አክተሯ ብትሞት እኔ ረታሁ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ውርርድ ረትቼ ምን ልባል ነው። ብትድን ደግሞ የባሰ ነበር። እሷ ድና፣ አንቺ እዚያ ዝናብ ሥር። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ደረጃው ላይ አቆየኋት።

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ እትዬ ዘውዴ ቤት ድረስ መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ዝግጅቱ ተነጋገርን፣ ለመሄድ ከተነሱ በኋላ በሩ ላይ፣ ጫማሽን እያዩ፣ ቆም አሉ። ለካ ሆስፒታል ሆነሽ በስልክ እስከ ደረጃው ድረስ ተርከሽላቸዋል። ውርርዱንም ሳትነግሪያቸው አልቀረሽም። «ሐዘንተኛ አይጠየቅም ብዬ ዓመት ሙሉ ታገሥኩህ፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን እኔም አርጅቻለሁ። ያቺ ሴት ምን ሆነች?» አላየሁትም አልኩ። «ታዲያ እየው እንጂ» አሉኝና መቋሚያቸውን እያነሱ ወጡ።

በነጋታው ቤዛን ኮል አደረግኩላት። መጣች፣ ምንም ሳትጠይቅ አንቺ የምትቀመጪበት በኩል ተቀመጠች። ከፈትኩት፤ እንዳልኩሽ ደረጃው ላይ ነው የጀመረው። አክተሯ እያረፈች እያረፈች ወጣች። ክፍሏ ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ፋኖሱን አጠፋች። ስክሪኑ ጨለመ። ጨለማው ሳይገፈፍ ቆየ፤ ቤዛ እጄን ያዘች። በቃ፣ ረታሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ነጋ፣ ጽጌ። በሩ ይንኳኳል። ልጇ ነው። የደረጃው ድምፅ ይሰማል፣ ቀስ ብላ ራሷ ወርዳ ትከፍትለታለች። ልጁ ያያታል፤ እሷም ከብርሃኑ እንድትሸሽ ብጠብቅ፣ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ አዞረች። ቀኝ ጉንጯን። ጠባሳው ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ድረስ ይወርዳል፤ የፊት ዱቄት እንኳ አልነሰነሱበትም። ልጁን ቁርስ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። እዚያ ላይ ያልቃል።

አልሞተችም። ልክ ነበርሽ።

ደስ እንዳይልሽ፣ እኔ ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። ክረምቱን አትዘልቂውም የተባለችው ሴት በሯን ከፍታ ልጇን ልታበላ ትገባለች፤ ያንቺ ሐኪም ያለው ግን አንዱም አልቀረም። ሪሞቱን ወረወርኩት። ቤዛም ማልቀስ ጀመረች፣ በአማርኛ፣ እማዬ፣ እማዬ እያለች፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሁለታችንም አለቀስን። በኋላ ተረጋግቼ ያን የመጨረሻውን ቦታ መልሼ አየሁት፣ ስለ ጠባሳው ብዬ። ያን ሁሉ ፊልም ስታገላብጪ ያጣሽው ነገር፣ አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቶሽ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጸሎቱ አልቆ ሰው ከበላ በኋላ ተነሳሁ። ውርርድ ተሸንፌያለሁ አልኩ። አንዳንዱ ሰው ሐዘን ራሴ ላይ የወጣ መስሎት ቤዛን ያያል። ሴቶቹ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ፣ እትዬ ዘውዴ በቦታቸው ተቀመጡ። ከሆቴሉ ጀመርኩ። አስቀያሚ አድርጌ ነው የተረክሁት፣ ላረጋግጥልሽ። ልጁን ረስቼ ክፍሎቹን አስዘጋሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ልጁን መርከብ ላይ ጫንኩት። እትዬ ዘውዴ ሁለቴ አረሙኝ። ደረጃው ላይ ደረስኩ። ፋኖሱን አጠፋሁ። ከዚያ አልሞተችም አልኩ፣ ደግሜም አልሞተችም አልኩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

አለቀ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያማ፣ አልኩ፣ የዘጋቻቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። በአንደኛው ክፍል አንዲት ሴት ነጭ የሥራ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣ አገኘቻት። የማንን ቤት እንደገባሽ ታውቂያለሽ ወይ ብትላት፣ ሴትዮዋ አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ዳርሊንግ፣ በቀኝሽ ዙሪ እስኪ፣ ስፈልግሽ ነው የኖርኩት» አለቻት። ከዚያ በላይ መቀጠል አልቻልኩም። ማንም ከዚያስ አላለኝም።

ዲስኩን ሰኞ ዕለት መለስኩት። ቴሌቪዥኑ አሁን ይከፈታል። ጫማሽ ከቦታው አልተነሳም፣ አይነሳምም። ፎቶ አልነሳም ያልሽበት ፊትሽ ማንም ዘንድ የለም፣ እኔ ዘንድ ግን አለ፤ ያበጠው ጉንጭሽ፣ ቅንድብ የሌለው ግንባርሽ፣ ነጠላውን ስትስቢ ከሥሩ የሚስቀው ዓይንሽ። በሕይወት እስካለሁ አላስጠፋውም። እሁድ እሁድም መኪና ውስጥ አልጠብቅም፤ አዳራሹ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ስለ አንቺ ከዚያስ ሲሉኝ አለቀ አልልም።

ውርርዱን ረትተሽኛል። ተሳስተሽ እዚህ ሶፋ ላይ ብትሆኚልኝ ይሻለኝ ነበር።

የተሸነፈው ባልሽ፣
ታደለ